ከወለሉ ሥር ያለው ቱቦ

«ደብቀኸዋል» አለች ፀደይ። ከግቢያቸው ላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው በዝናብ ሮጣ ስለወረደች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ምኑን?» አለ ባምላክ።

«ሃይላንዱን ነዋ። እኔ ከላይ ቱቦው ውስጥ ጥዬዋለሁ። አንተ እዚህ ቆመህ ነበር። የት ሄደ ታዲያ?»

ባምላክ በታችኛው የቱቦ አፍ ላይ ጎንበስ እንዳለ ቀና ብሎም አላያት። ከቱቦው የሚወጣው ቀይ ውሃ ለዚያ ሁሉ ዝናብ ቀጭን ነበር። «እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ? ቱቦው የሚያልፈው በእናንተ ግቢ ሥር ነው። የገባው አልወጣም። አባትሽን ጠይቂያቸው።»

«አባቴን በአፍህ እንዳትጠራ።»

«አንችስ የእናቴን ቤት ልታስፈርሺ አይደል የምትሮጪው?»

ፀደይ ጭቃውን ረግጣ ሄደች። ሁለቱ ቤተሰቦች ሆድና ጀርባ ከሆኑ ሁለት ክረምት አልፏል። የባምላክ እናት እትዬ አልጣሽ ዝናብ በጣለ ቁጥር አጥሩ ሥር ቆመው «ውሃችሁን ለቀቃችሁብኝ» እያሉ ይጮኻሉ። የፀደይ አባት አቶ ታፈረ ደግሞ ከበረንዳቸው ሆነው «ውሃ መንገድ ላይ ቤት ሠርቶ ውሃ መጣብኝ ማለት ምን የሚሉት ነው?» ይላሉ። ልጆቹም በአንድ ክፍል እየተማሩ፣ ባልጠፋ ቦታ ትከሻ ለትከሻ እየተጋጩ ያልፋሉ።

የኮምፒውተር አስተማሪው መምህር ከፋለ ይህን ሁሉ እያወቁ ሁለቱን አንድ ላይ መደቧቸው። «አንዳችሁ ከላይ፣ አንዳችሁ ከታች ናችሁ። ያንን ቦይ ከእናንተ የተሻለ ማን ይለካዋል?» ነበር ያሉት። ፀደይ ግን ሰውዬው ሆነ ብለው ጨጓራዋን ሊልጡት እንደሆነ ነው የገባት።

መምህሩ በፍላሽ ያመጡት ሶፍትዌር የአንድ ሰፈር ቦይና ቱቦ፣ የጣሪያውና የድንጋይ ንጣፉ ስፋት ከተነገረው፣ ዝናብ ሲጥል ውሃው የት እንደሚሄድና የት እንደሚገነፍል አስልቶ ያሳያል። ቱቦ ከቱቦ የሚገናኝበት ቦታ በስክሪኑ ላይ ክብ ነጥብ ነው። ውሃው በሰላም ካለፈ ነጥቡ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሞልቶ ከፈሰሰ ቀይ። ከተማቸው ላሊበላ ዳገት ላይ ናት፤ አፈሯ ስስ፣ ሥሯ ዓለት። ዶፍ ሲጥል ውሃው የሚሰርግበት ስለሌለ ሁሉም ቁልቁል ነው።

ዓርብ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቷ መሐንዲስ የተማሪዎቹን ሥራ ልታይ ትመጣለች። ባለፈው ሐምሌ እነባምላክ ቤት የገባው ጎርፍ አልጋ ደርሶ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱም ቤቱ ከውሃ መንገድ ላይ ይነሳ ወይስ አይነሳ የሚለውን እስካሁን አልወሰነም። ቱቦው ጎርፉን በሙሉ የሚያሳልፍ ከሆነ ጥፋቱ የቤቱ ነው፤ እትዬ አልጣሽ ልጆቻቸውን ይዘው ይነሳሉ። በፀደይ ስሌት መሠረት ደግሞ ቱቦው ያሳልፋል።

ሐሙስ ጠዋት በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ስሌቱን የሚያስጀምረውን፣ የመብረቅ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫነችና ስክሪኑን ወደ ባምላክ አዞረችለት። «ይኸው። ሁሉም ሰማያዊ።»

«ኮምፒውተሩ ያልሽውን ነው የሚያምነው። መቶ ብትይው መቶ ነው።»

«ለክቻለሁ። ላይኛው አፍ ስድሳ ሴንቲ ሜትር። ታችኛውም ስድሳ።»

«መሃሉስ?»

«መሃሉም ያው ነው።»

ባምላክ የመለኪያ ቅጹን አንስቶ ጣቱን አሳረፈበት። መምህር ከፋለ ለእያንዳንዱ ቱቦ ሁለት ሳጥን አስቀምጠዋል፤ አንዱ «በዓይን የታየ»፣ ሌላው «ከሰው የተሰማ» ይላል። «እዚህ ጋ በዓይን የታየ ብለሽ ነው ምልክት ያደረግሽው። ሲሚንቶ ሥር ገብተሽ አየሽው? አይጥ ነሽ እንዴ?»

«አባቴ ነግረውኛል።»

«ከሰው የተሰማ የሚል አለልሽ'ኮ። ማንበብ አትችይም?»

«አፍንጫህን ላስ» ብላው በሩን አላትማ ወጣች። ቤት እስክትደርስ በሆዷ ስትሰድበው ሄደች። ሁለት ነገሮች ግን ስድቡ መሃል እየገቡ አላስቀምጥ አሏት። ሃይላንዱ አልወጣም። ምልክቱም ውሸት ነው። አባቷ ያዩትን እሷም እንዳየችው ቆጥራ በአንዲት ሰረዝ ያለፈችው ነገር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስድስት ባዶ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንዶች ሰበሰበች። ክዳናቸውን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችና ሁሉንም በጥፍር ቀለም ቀይ ምልክት አደረገችባቸው። ዛሬ ራሷ ጥላ ራሷ ትለቅማለች፤ ከዚያ ስድስቱንም ወስዳ ባምላክ ፊት ትደረድርለታለች። ከአሸተን ማርያም ተራራ በኩል የጠቆረው ሰማይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶፉን ለቀቀው።

ሃይላንዶቹን በላይኛው አፍ አንድ በአንድ ለቀቀቻቸውና ቁልቁል ሮጠች። ጠበቀች። ቀጭኑ ውሃ ቅጠል ይዞ ወጣ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ይዞ ወጣ። ሃይላንድ ግን አልወጣም። ልብሷ ከገላዋ ላይ እስኪጣበቅ ቆማ አንድም አላገኘችም።

ወደ ቤት ስትመለስ ዝናቡን ሽሽት ወደ አዲሶቹ ክፍሎች ገባች። አባቷ ለእንግዳ ማረፊያ ብለው ከሁለት ዓመት በፊት ያሠሯቸው ሦስት ክፍሎች ናቸው። የገባችበት መሃለኛው ክፍል ገና አልጋ እንኳ አልገባበትም። ፀጉሯን እየጨመቀች ሳለ ከእግሯ ሥር አንድ ነገር ሰማች። ኳ። ቆይቶ ኳ፣ ኳ። በሩን ዘጋችና በሆዷ ተኝታ ጆሮዋን ሲሚንቶው ላይ ለጠፈች። ሃይላንዶቹ ወለሉ ሥር ናቸው። መውጫ አጥተው ውሃው ላይ ተንሳፍፈው የቱቦውን ጣሪያ ያንኳኳሉ።

አፈረች። ከባምላክም ከእትዬ አልጣሽም በፊት ራሷን አፈረች። ሁለት ክረምት ሙሉ አጥሩ ላይ ወጥታ የተሳደበችው ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አላት።

«ምን ሆነሽ ነው ወለል ላይ የተኛሽው?» አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ይስሙት፣ አባዬ።»

ሰሙ። ምን እንደሆነ ግን አልጠየቁም። ያስደነገጣት ይኸው ነው።

«ስንት ነው?» አለች ቀስ ብላ ተነስታ።

«ምኑ?»

«እዚህ ሥር ያለው ቱቦ።»

አቶ ታፈረ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝናቡን አራገፉት። «ሃያ» አሉ። «ትልቁ ለመሠረቱ አልመች አለ። ግንበኛው የፕላስቲኩ ይበቃል አለኝ።»

«ስድሳ ነው ብለውኝ'ኮ ነው የጻፍኩት።»

«እንግዲያው ስድሳ ነው። ማን ሲሚንቶ ፈልጦ ያያል?»

«የእትዬ አልጣሽ ቤት ሊፈርስ ነው።»

«እና የእኛ ይፍረስ?» ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ቀዘቀዘ እንጂ። «እኔ ለማን ብዬ ነው የሠራሁት? የማን ልጅ ነሽ አንች? ነገ እመጣለሁ። ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው። የምትናገሪውን እሰማለሁ።»

ሲወጡ በሩን ክፍት ትተውት ሄዱ። ከወለሉ ሥር ኳ የሚለው ነገር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልቆመም።

ዓርብ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ኮምፒውተር ክፍሉ ገባች። ከስሌቱ ሌላ ቅጂ አውጥታ በእሱ ላይ መሃለኛውን ቱቦ ከፈተች፤ ስድሳን አጠፋችና ሃያ ጻፈች። መብረቁን ተጫነች። ከግቢያቸው በላይ ያለው ነጥብ ወዲያው ቀላ። ከላይኛው አፍ የሞላው ውሃ አጥሩን ዞሮ፣ በጠባቧ መንገድ ወርዶ፣ እነባምላክ ቤት ሄደ። እትዬ አልጣሽ ሁለት ዓመት አጥር ሥር ቆመው የጮኹትን ኮምፒውተሩ በሁለት ሰከንድ ጨረሰው።

«ሃይላንዱን የደበቅሁት እኔ ነኝ አይደል?»

ባምላክ ነው። መቼ እንደገባ አላወቀችም። ስክሪኑን ከትከሻዋ በላይ አተኩሮ ያያል።

«አይደለህም» አለች።

«የድሮውን ስሌትም አላጠፋሽውም። ሁለቱም አሉ። የትኛውን ልታሳዪ ነው?»

«አባቴ ይመጣሉ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም።» ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ ተወው። «እውነቱን ብታወሪ እንኳ አልወድሽም፤ እወቂው። እህቴ ውሃው ውስጥ ስትጮኽ አጥር ላይ ሆነሽ ስትስቂ አይቼሻለሁ።»

ስቃ ነበር። አልካደችም። «ማን ውደደኝ አለህ?» አለችው፤ ድምጿ ግን እንደወትሮው አልወጣላትም።

አራት ሰዓት ላይ ክፍሉ ሞላ። መሐንዲሷ ማስታወሻዋን ይዛ መሃል ተቀመጠች። እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን አጥብቀው በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ወንበር ሲሰጣቸው እምቢ አሉ። አቶ ታፈረ እንዳሉትም ኮታቸውን ለብሰው መጡ፣ መምህር ከፋለን ጨበጡ፣ ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ አልነቀሉም።

ፀደይ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «በዓይን የታየ» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት በእስክሪብቶ ሰረዘችው፤ አጥብቃ ስለጫነችው ወረቀቱ ትንሽ ተቀደደ። በተለማመዱት መሠረት ከላይኛው አፍ ተነስታ ወደ ታች መውረድ ነበረባት። ባምላክ አጠገቧ ቆሞ ስክሪኑ ላይ የትኛው ስሌት እንደሚከፈት ይጠብቃል።

«ስሜ ፀደይ ታፈረ ይባላል» አለች። ቅጹን ወደ መሐንዲሷ ገፋ አደረገችው። «የምጀምረው ከመሃሉ ቱቦ ነው። ያለው እኛ ቤት ሥር ነው።»

አቶ ታፈረ ቀና አሉ። ፀደይ ወደ እሳቸው ሳታይ ሃያ ያለበትን ስሌት ከፈተችና መብረቁን ተጫነች።