ምስማሩ ላይ የተሰቀለው ወረቀት

ሙጬ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከእናቷና ከአክስቷ ጋር የምትኖረው ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ሙጬ የቤት ስሟ ነው። እንዲህ የተባለችው የጀመረችውን ነገር እስክትጨርስ እንደ ሙጫ ሙጭጭ ስለምትል ነው። ምሳ ቀረበ ቢሏት አትሰማም፤ ተኚ ቢሏትም አትሰማም። እጇ ደግሞ አያርፍም። ከባዶ የክር ማጠንጠኛ መኪና ትሠራለች፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ድመት ትሠራለች። ድመቷ አንዳንዴ ፍየል ትመስላለች፤ ይሁን፣ እኛ ምን አገባን!

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። በስፌት ቤቱ ውስጥ አንድ ሕግ ነበረ። ጥግ ላይ ባለው ጆንያ ውስጥ የሚጣለው ሁሉ የሙጬ ነው። ግድግዳው ላይ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ ነገር ግን አይነካም።

«ለምን?» ብላ ሙጬ አንድ ቀን ጠይቃ ነበር።

«ሥራ ነዋ!» አለች እናቷ። አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ስለነበር ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ምስማሩ ላይ የተሰቀለው ምን መሰላችሁ? የድሮ ጋዜጣ! በየቅርጹ የተቆረጠ፣ እርሳስ የተሞነጫጨረበት፣ አቧራ የጠጣ የድሮ ጋዜጣ። እናቷ ጨርቅ ላይ ታነጥፈውና ዙሪያውን በጠመኔ ታሰምራለች፤ ከዚያ በመስመሩ ላይ ትቆርጣለች። ለሙጬ ግን ቆሻሻ ነበር የሚመስላት።

በዚያ ሳምንት የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሯ ለልጆቹ እንዲህ አለቻቸው፦ «አምላክ እንስሳትን ሁሉ ፈጠረ። እሑድ ደግሞ እያንዳንዳችሁ አንድ እንስሳ ሆናችሁ ትመጣላችሁ። ጭምብሉን ራሳችሁ ሥሩ። ግን ከሚጣል ነገር ብቻ!»

ሙጬ አንበሳ ልትሆን ፈለገች። ጎድጓዳ ሳህን ደፍታ፣ እርጥብ ወረቀት በዱቄት ሙጫ እያደራረበች ለጠፈችበት። ሲደርቅ ከሳህኑ ላይ አላቀቀችው። የሚያምር የአንበሳ ፊት ወጣው! ጎፈሩ ግን አስቸገራት። ከጆንያው ጨርቅ አውጥታ ብትለጥፍበት ጨርቁ ተንጠለጠለና አንበሳው ዝናብ የመታው በግ መሰለ። ረጅምና ደረቅ ያለ ወረቀት ያስፈልጋት ነበር። ጆንያው ውስጥ ደግሞ ወረቀት አልቋል።

እናቷ ክር ልትገዛ ወጥታለች። አክስቷ ደጅ ልብስ ታጥባለች። ሙጬ ቀና ብላ ምስማሩን አየች።

«አሮጌ ጋዜጣ አይደል?» አለች ለራሷ። «አሮጌ ጋዜጣ ይጣላል። መምህራችን ደግሞ ከሚጣል ነገር ሥሩ ብላለች።»

ልጆች፣ ሰው ሊያጠፋ ሲል ልቡ እንዴት ያለ ጠበቃ እንደሚሆንለት አያችሁ?

ወንበር ላይ ወጣች። ከሁሉም በታች የነበረውን፣ አቧራ የበዛበትን ጋዜጣ አወረደች። ቅርጭ፣ ቅርጭ አደረገችው። ጎፈሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። የተረፈውን ቁራጭ ደግሞ ማንም እንዳያየው ከሰል ማንደጃው ውስጥ ወተፈችው። ማታ አክስቷ ምንም ሳታውቅ እሳት ለኮሰችበት።

በማግስቱ የእናቷ የቆዩ ደንበኛ የሆኑት አናጢው አባባ ጨርቅ በክንዳቸው ይዘው መጡ። ድሮ ሥራ ላይ እንዳሉ ግንድ ወድቆባቸው ግራ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ከሱቅ የተገዛ ኮት ሲለብሱ እንደተጣመመ መስኮት ያዘነብልባቸዋል።

«እሑድ ልጄን እድራለሁ» አሉ ለእናቷ። «አጠገቧ የምቆመው እኔ ነኝ። ሰው ትከሻዬን ሳይሆን ፊቴን እንዲያየኝ ኮት ስፊልኝ ብዬ ነው፣ ልጄ። ጨርቁ ይኸው ብቻ ነው፤ ሱቁም ጨርሷል።»

«አይጨነቁ አባባ፣ የእርስዎ ልክ የተቆረጠበት ወረቀት እዚህ ተሰቅሎልኛል» አለች እናቷ፣ ፈገግ ብላ። ወደ ምስማሩ ሄደች። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠች። እንደገና ገለጠች። ፈገግታዋ ጠፋ።

ሙጬ በሩ ሥር ቆማ ነበር።

«የታለ? እዚሁ ነበር እኮ!» እናቷ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለች፤ ከስፌት መኪናው ኋላ ፈለገች። «ያን ወረቀት ለማግኘት ስንቴ ቆርጬ ስንቴ ጥያለሁ! አንዱ ትከሻ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ፤ ኮቱ ግን እኩል እንዲቀመጥ። ማንም አላሳየኝም። እያሰብኩ፣ እያበላሸሁ ነው ያገኘሁት። በሕልሜ ሳይቀር ስቆርጥ ነበር!»

ሙጬ ደነገጠች። እናቷ ትሰፋለች እንጂ አዲስ ነገር ትፈጥራለች ብላ አስባ አታውቅም።

እናቷ በድንገት ጥግ ላይ ተቀምጣ ወደነበረችው የሙጬ አክስት ዞረች። «ትናንት ማንደጃው ውስጥ የጋዜጣ ቁራጭ አይቻለሁ። አንቺ ነሽ ያቃጠልሽብኝ!»

«እኔ? እኔ ምስማርሽን ነክቼ አላውቅም! ማንደጃው ውስጥ ያገኘሁትን ነው የለኮስኩት።»

«ታዲያ ወረቀቱ በእግሩ ሄዶ ገባ?»

የአክስቷ ዓይን እንባ ሞላ። «እህትሽን ሌባ አደረግሽኝ?» አለች።

«ተዉ እንጂ ልጆቼ፣ በወረቀት እህትና እህት ይጣላል?» አሉ አናጢው።

ሙጬ ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምታለች። ዝም ካልኩ ማን ያውቃል አለች በልቧ። ግን ልጆች፣ ሌላ ሰው በእኛ ጥፋት እያለቀሰ ዝም ካልን፣ ያ ዝምታ ይነቅዛል፤ ሆዳችንንም ይበላናል።

እናቷ የአናጢውን ትከሻ በሜትር ለካች። ሜትር ግን ርዝመት እንጂ የትከሻን ጉብታና ዝቅታ አይናገርም። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «በዓይኔ ገምቼ እቆርጣለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?» አለች። ሁልጊዜ አሥር ጊዜ ለክተሽ አንድ ጊዜ ቁረጪ የምትለው እናቷ! መቀሱን አነሳች። አፉን ከፈተችው። የጨርቁን ጠርዝ መቀሱ አፍ ውስጥ አስገባች።

«እማ! አትቁረጪ!»

ሁሉም ዞሩ። ሙጬ ወደ ጓዳ ሮጣ አንበሳዋን ይዛ ተመለሰች። «እኔ ነኝ» አለች እያለቀሰች። «አክስቴ አይደለችም። ከምስማሩ ላይ ወስጄ ጎፈር ሠራሁበት። የቀረውን ማንደጃ ውስጥ የደበቅኩት እኔ ነኝ። አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ሙጬ ጥፊ ጠብቃ ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ ግን መቀሱን አስቀመጠችና መጀመሪያ ወደ አክስቷ ሄደች። «ይቅር በይኝ እህቴ፤ አፌ ቀደመኝ» አለቻት። ከዚያ ወደ ሙጬ ዞረች። ድምፅዋ ቆጣ ያለ ነበር። «ነይ። በገዛ እጅሽ ፍቺው።»

ሙጬ ጎፈሩን አንድ በአንድ ላቀቀች። የሚያምረው አንበሳዋ መላጣ ሆነ። ሆዷ ባባ፤ ግን አላቆመችም። አክስቷም እንባዋን ጠርጋ ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ገጣጠመች። የጀርባው ተገኘ። የደረቱም ተገኘ። የግራ ትከሻው ቦታ ግን ባዶ ሆነ። ማንደጃው የበላው እሱን ነበር።

እናቷ ባዶው ላይ መዳፏን አሳረፈች። «ዋናዋ ይቺ ነበረች» አለች በቀስታ።

ሙጬ መላጣውን አንበሳ አየችው። ከውስጥ በኩል ልክ እንደ ሳህኑ ሆድ ድቡልቡል ብሏል።

«እማ... አንበሳው እኮ ሳህኑን መስሎ ነው የደረቀው» አለች ፈራ ተባ እያለች። «የአባባ ትከሻ ላይስ ወረቀት ብንለጥፍ?»

እናቷ ልጇን አየች፤ የአናጢውን ትከሻ አየች፤ እንደገና ልጇን አየች። አናጢው ግን ሳቁ። «እንግዲህ ሳህን አደረግሽኝ! ለጥፊ ልጄ፣ ለጥፊ!»

አናጢው አሮጌ ሸሚዝ ለበሱና ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። አክስቷ ከጎረቤት አሮጌ ወረቀት ለምና ሙጫ በጠበጠች። ሙጬ እርጥቡን ወረቀት እያደራረበች ለጠፈች፤ እናቷም ጠርዝ ጠርዙን አስተካከለች። ሊያስነጥሳቸው ሲል ሙጬ ጮኸች፦ «አባባ እባክዎ! ይሰነጠቃል!» አፍንጫቸውን ይዘው ቀሩ። ወረቀቱ የሚደርቅ አልመስል አለ። በመጨረሻ እናቷ በትከሻው አናት በኩል ቀስ ብላ ቆርጣ አላቀቀችውና ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

ገጠመ።

እናቷ በጠመኔ አሰመረች። አሥር ጊዜ ለካች። አሁን ጨርቁን ሳታመነታ ቆረጠች። የቤቱ ሰው ሁሉ ግን ቆርጣ እስክትጨርስ ትንፋሹን ይዞ ነበር።

ሙጬ ማታ ተንበርክካ ጸለየች። ያደረገችውን ሁሉ ለአምላክ ነገረችው፤ እሱ ቀድሞም አይቶታል፣ መናገሩ ግን ቀለል አደረጋት። ጭምብሏን ስታይ እንደገና ከፋት። «መላጣ አንበሳ ይዤ እንዴት እሄዳለሁ?» አለች።

አክስቷ አቀፈቻት። «ሴት አንበሳ መቼ ጎፈር አላት?» አለቻት። ሙጬ አፏን ከፍታ ቀረች። ከመጀመሪያውም ጎፈር አያስፈልጋትም ነበር!

እሑድ ሴት አንበሳ ሆና ሄደች። ጎፈሩ የት ሄደ ብለው ልጆቹ ሲጠይቋት ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ስትመለስ ሙሽራዋና አባቷ በመንገዱ ሲያልፉ አየች። ኮቱ እኩል ተቀምጧል። ሰው ሁሉ የአናጢውን ፊት ያይ ነበር፤ ፊታቸውም ያበራ ነበር።

ሰኞ ዕለት አናጢው መዶሻ ይዘው መጡ። ግድግዳው ላይ ዝቅ አድርገው፣ ሙጬ ያለ ወንበር የምትደርስበት ቦታ ላይ፣ አዲስ ምስማር መቱ። እናቷ የትከሻውን ወረቀት በቀድሞው ምስማር ላይ ሰቀለች።

«ታችኛው ያንቺ ነው» አለቻት ሙጬን። «እዚያ የሰቀልሽውን እኔም ሳልጠይቅሽ አልነካም።»

ሙጬ ሴት አንበሳዋን በአዲሱ ምስማር ላይ ሰቀለች። ከዚያ የላይኛውን ቀና ብላ አየችና፣ «እማ፣ እነዚያን ሁሉ ያሰብሻቸው አንቺ ነሽ?» አለች። እናቷም ሥራዋን አቁማ፣ አንዱን ወረቀት አወረደችና ሙጬን አጠገቧ አስቀምጣ እንዴት እንዳሰበችው ታሳያት ጀመር።

ልጆች፣ አምላክ በእጃችን ላይ ያኖረው የመፍጠር ስጦታ የሚያድገው የሌላውን ሰው ድካም ስናከብርና ስናጠፋ እውነቱን ስንናገር ነው።