የይርሳው ኮርቻ

«እማማ፣ ከሥሩ መስቀል የተሰፋበት ኮርቻ እንዴት የአያቴ ይሆናል?»

እማማ ጀዋሂር የሚለቅሙትን ምስር ትተው የልጅ ልጃቸውን እጅ ያዩ ጀመር።

«ምን ነክተሽ ነው ጣትሽ እንዲህ የጠቆረው? ጓንት አይሰጧችሁም?»

«ቆዳው ነው። አቧራውን ስጠርግ መስቀሉን አየሁት።»

ጁማና ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ክረምቱን ሞጣ ባለችው ትንሽ ሙዚየም በተለማማጅነት እየሠራች ነው። ሙዚየሙ ነገ ይመረቃል። አንድ እርካብ ብቻ ካለው ኮርቻ ፊት የቆመውን ካርድ የጻፈችው እሷ ናት፦ «የሐጂ አብዱራዛቅ ኮርቻ»። ጓደኛዋ ሃና «አንቺማ በቃ፣ ዘርሽ ሙዚየም ገባልሽ!» እያለች ስታበሽቃት ነው የሰነበተችው።

«ተይው፤ አርባ ዓመት እኛ ቤት ነው የኖረው» አሉ እማማ።

«እስቲ ወላሂ ይበሉ።»

እማማ ወላሂ አላሉም። ሰፌዱን ገፋ አደረጉት።

«የይርሳው ነው» አሉ በመጨረሻ። «የቢቸናው ይርሳው። ከአያትሽ ጋር በበቅሎ ቅቤና ማር ይነግዱ ነበር። አንድ ክረምት አሞት እዚሁ ተኛ። ወንድሙ መጥቶ ሲወስደው ‹ኮርቻዬን አደራ፣ ለእንቁጣጣሽ እመለሳለሁ› አለ። ለእንቁጣጣሽ የመጣው መርዶው ነው።»

«አያቴስ?»

«ለልጁ አደርሳለሁ እንዳለ ሞት ቀደመው። በየዓመቱ ቅቤ ያስቀባው ነበር፤ አንድ ቀን ግን በቅሎው ላይ ጭኖት አያውቅም። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። የሙዚየሙ ሰው ዕቃ ሲለምን፣ አንቺን ደስ እንዲልሽ ብዬ የእኛ ነው አልኩ።»

ጁማና ከቦርሳዋ ባዶ ካርድ አውጥታ መጻፍ ጀመረች።

«ምን ልትጽፊ ነው?» አሉ እማማ። «የይርሳው ልጅ ይርጋነሽ ቢቸና አለች። ነገ የማይመጣ ሰው የለም። የአብዱራዛቅ ቤት አደራ በላ ቢሉንስ? ትምህርት ቤት ስትሄጂ፣ ሱቅ ስትላኪ፣ በጣት ቢጠቁሙሽስ?»

ጁማናም እሱኑ ፈርታለች። ሃና የምትለውም ታሰባት። ቢሆንም ጨረሰችና አነበበችላቸው፦ «የቢቸናው ነጋዴ የአቶ ይርሳው ኮርቻ። ሐጂ አብዱራዛቅ አንድ ቀን ሳይጭኑት፣ በየዓመቱ ቅቤ እያስቀቡ በአደራ አቆዩት።»

«ቅቤዋንም ጻፍሻት?»

«ጻፍኳት።»

እማማ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ጓዳ ገብተው ሳጥን ከፈቱ፤ ሲመለሱ እጃቸው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ጁማና ገለጥ ስታደርገው ሁለተኛው እርካብ ነው።

«ጠፋ ብለው አልነበር?»

«ሁሉን ልሰጥ እጄ እምቢ አለኝ» አሉ እማማ። ከዚያ ወደ ደጅ አይተው፣ «ደግሞ ሰማዩ ጠቁሯል። ሙዚየሙም ሊዘጋ ነው። ጭቃው ያዳልጥሻል፣ ነገ በጠዋት ይሁን...»

ጁማና ካርዱን ደብተሯ ውስጥ ከተተች። እርካቡን በጉያዋ አድርጋ፣ ጃንጥላውን ከበሩ ጀርባ አነሣችና ወጣች።