የሴቱ ግማሽ ፔአ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም.፣ በሳቫይኢ ደሴት በፋሌአሉፖ መንደር፣ ኦስካር የተባለ ፈረንጅ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሊቀ ነቃሹ ወደ ታፊቶ ቤት ገብቶ፣ በመርከብ ላይ ባጠናት ጥቂት ቃል፣ «ጌታዬ፣ ፔአ እፈልጋለሁ» አለ።

ታፊቶ ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ከወገብ እስከ ጉልበት የሚወርደውን የወንዶች ንቅሳት የጠየቀው መሰለው።

«መቼ?»

«ዛሬ። መርከቤ ነገ ትሄዳለች።»

«ዛሬ ይለኛል! ልጄ፣ ይህ እኮ ሸሚዝ አይደለም። ለማንኛውም ሱሪህን አውልቅና ተኛ።»

ምሰሶ ተደግፎ ገመድ ይገምድ የነበረው የመንደሩ ወጣት ሴቱ አንገቱን ደፋ። የእሱ ንቅሳት ከግማሽ ቀርቶ ነበር፤ ያለፈው ዓመት ጦርነት ሲነሳ ከምንጣፉ ተነስቶ ዘመተ፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ሕመሙን ፈርቶ አልተመለሰም። ግማሽ ፔአ ያለው ሰው ደግሞ በሸንጎ ለአለቆች አቫ የተባለውን የክብር መጠጥ አያድልም፤ አጎቱ የአለቃነት ማዕረግ የሚቀበሉበት ሸንጎ አንድ ወር ቀርቶታል፤ ለማደል የታጨውም እሱ ነበር።

«አይ ሴቱ!» አለች የታፊቶ ሚስት ሊሴ፤ «ፈረንጁ ሊቀድምህ ነው። ሲጨርስ ግማሹን እንዲያውስህ ለምነው።»

ሴቱ ተነሳ፤ ሽርጡን ፈትቶ ምንጣፉ ላይ በሆዱ ተኛ። «እኔ ልቅደም፣ አባባ።»

ያኔ የዱር እንስሳት ሊሰበስብ የመጣው ኦስካር በአንድ እጁ ቀበቶውን እንደያዘ፣ በሌላው ግድግዳ ከሌለው ቤት ወደ ውጭ፣ ወደ ሰማይ ጠቆመ። ከዳቦ ፍሬው ዛፍ በላይ አንድ የሌሊት ወፍ በጠራራ ፀሐይ ክንፉን ዘርግቶ ይዞር ነበር፤ የደሴቶቻችን የጫካ ፔአ እንዲያ ነው፣ ቀን ይበራል፤ ከንቅሳቱ ጋር ስማቸው አንድ ነው።

«ያንን! ያንን ፔአ ነው የፈለግሁት!»

ሊሴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እሱንስ እኔን አትጠይቀኝ» አለ ታፊቶ፤ «የነቀስኩት እኔ አይደለሁም።» ወዲያው ወደ ሴቱ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ በስሕተት ነው የተኛኸው። ብትነሳ ማንም አይታዘብህም።»

ሴቱ ጉንጩን ከምንጣፉ አላነሳም።

«እፈራለሁ» አለ፤ «ግን አሁን ከተነሳሁ ዳግም አልተኛም። ይጀምሩ፣ አባባ።»

ታፊቶ መነቀሻውን፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለውን አጥንት፣ ቀለም ውስጥ ነከረ። «ና እንጂ አንተ» አለው ኦስካርን፤ «ሥራ ፈትተህ አትቁም፤ ቆዳውን ወጥረህ ያዝልኝ።»

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉት ሰዎች የፈረንጆቹን የጦር መርከቦችና በንግሥና የተጣሉትን አለቆች መዝግበዋል፤ የዚያን ቀን ነገር የመዘገበ የለም። ኦስካር የሌሊት ወፉን ሳይዝ በነጋታው ሄደ። ሴቱ በአሥራ አንደኛው ቀን ንቅሳቱን ጨረሰ፤ በሸንጎውም አቫውን አደለ።