ጥላ የሚወድ ነገር

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ፣ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ እንኳ አልነበረም።

ሰዓቱን ያስቀደምኩት፣ አስፈሪ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ ለሚመስላችሁ ነው። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይኔን ገልጬ አይቻለሁ።

የምተዳደረው ችግኝ በመሸጥ ነው። ቁልቋል፣ እሬት፣ ቅጠላቸው ውሃ የሚቋጥር ተክሎች...

ታላቅ እህቴ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ከቤት መውጣት ትታ ነበር። እህል አስጠልቷት አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። እኔ ጋ መጥታ እንድትኖር ለምኜ ደክሞኝ ነበር።

አንድ ቀን ራሷ ደወለች።

«ሚጡ፣ ለጓሮው ጥላ የሚወድ ነገር አምጪልኝ።»

ተክል ያማራት ሰው መኖር አምሯታል፣ ብዬ ደስ አለኝ።

ግማሽ ጥላ ለሆነ ጓሮ ተክል ከመምረጥ በፊት የሚጠናው ጥላው ነው። ቁልቋል ሁሉ ፀሐይ ይወዳል የሚሉ ተሳስተዋል፤ እሾህ አልባውንና ተንጠልጣዩን የቀትር ፀሐይ ያቃጥለዋል። ነጭ ነጠብጣብ ያላትን ትንሿን የእሬት ዘመድም እንዲሁ። ስለዚህ ጠዋትና ቀትር፣ ጥላ ያረፈበትን ሁሉ ጠርዙን በጠጠር እከባለሁ።

እሷ ጓሮ ጠዋት የነበረው የአጥሩ ግንብ ጥላ ነው። ከበብኩት።

በቀትር ተሰብስቦ ከግንቡ እግር ሥር ገባ።

አንድ ጥላ ግን ቀረ...

ጓሮው መሃል፣ የተቀመጠ ሰው ያህል።

ቀና አልኩ። ዛፍ የለም። ጣራ የለም። ደመና የለም።

እጄን ዘረጋሁ። ጥላው እጄ ላይ አረፈ... ቀዝቃዛ ነበር።

«እትዬ... ይሄ የምን ጥላ ነው?»

በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። ከሐዘኑ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

«ባለሙያዋ አንቺ! እኔን ትጠይቂያለሽ?»

«እየቀለድኩ አይደለም።»

«ቀስ በይ» አለች በሹክሹክታ። «በቀትር ሸለብ ያደርገዋል።»

«ማንን?»

«ያንን፣ ‹ከእሾህ ጋር ውላ ውላ ምላሷም እሾህ አበቀለ› የሚልሽን። አትቀስቅሺው።»

እንዲህ እያለ ይቀልድብኝ የነበረው ሟች ባሏ ነው።

«ብቻውን እንዳይሆን ነው፣ ሚጡዬ። ትከዪለት... እኔም እበላለሁ።»

ጥላውን በጠጠር ከብቤ ዙሪያውን ተከልኩ። በላች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

በየሳምንቱ እሄድ ነበር። ጉንጯ ሞላ፤ ፀጉሯን ማበጠር ጀመረች። እኔ ግን ተክሎቹን ማየት እየፈራሁ መጣሁ።

ተክል ወደ ብርሃን ያጋድላል። ይህን የማያውቅ አትክልተኛ የለም። እነዚህ ግን ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ወደ መሃል ጎንበስ ብለዋል... አስታማሚ አልጋ ከቦ እንደሚያጎነብስ።

በእጄ አቀናኋቸው። በሳምንቱ ያው ናቸው።

ጥላውም ጠጠሩን አልፎ ነበር። አሁን ጎን ለጎን ሁለት ሰው ያስቀምጣል።

«እትዬ፣ ተነሺ እንሂድ። ዛሬውኑ... በሞቴ!»

ፊቴን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ጠጠሩን ሰፋ አድርጊልኝ።»

አላደረግኩም። እየለቀምኩ ከአጥሩ ውጭ ወረወርኩት። አልተቆጣችም። ልጅ ሳለሁ ታደርግ እንደነበረው ግንባሬን ሳመችኝ።

«እሺ፣ አታልቅሺ። ነገ ትወስጂኛለሽ።»

በማግስቱ የመጣሁት በቀትር ነው። ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ በሩ ሥር ቆሟል።

እሷ ጓሮው መሃል ተቀምጣ ነበር፤ ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ... ትከሻ ላይ እንደተደገፈ ሰው።

ጠራኋት። ነካኋት። ቀዝቅዛለች።

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። እህቴ ፊት ላይ ግን አልነበረችም።

ቤቱን የገዙት ሰዎች ተክሎቹን ነቅለው ጓሮውን ሲሚንቶ አስደረጉት። መሃሉ ላይ ያለው እስከ ዛሬ አልደረቀም።