የበረሃ ልምምድ በሳሎን

«ሰገነት ላይ? በብርድ ወራት?» አለ በረሃው። ሳቁ አመለጠውና የጎረሰው ዳቦ ትን አለው። ሚኒስትሯ ጀርባውን ደለቅ ደለቅ አደረገችለት፤ ለማዳን ከምትመታው ይልቅ ከንዴት የምትመታው ይበልጥ ነበር።

የክፍሏ ልጅ «በረሃው» የተባለው ዘንድሮ ከበረሃዋ ከተማ ተዛውሮ ስለመጣ ነው። እሷን ደግሞ ቤትም ትምህርት ቤትም «ሚኒስትሯ» ይሏታል። ዕቅድ ትወዳለች። የልደት ግብዣ ይሁን የቡድን ሥራ፣ ያለ እሷ ቡራኬ የሚጀመር ነገር የለም። አሁን ደግሞ በሕይወቷ ትልቁን ዕቅድ ይዛለች፤ በዕረፍቱ ወር ቤተሰቧን በረሃዋ ከተማ ወስዳ አንድ ወር ልታስቀምጥ ነው።

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለችው።

«ቀን ቀንማ አሪፍ ነው፤ በካናቴራ ነው የምትውይው። ፀሐይዋ ጥልቅ ስትል ግን አለቀልሽ። በረሃ ሙቀት አያሳድርም። ሰገነት ላይ ያለች ክፍል ደግሞ ግድግዳዋ ስስ ነው፤ ነፋሱ በአራቱም በኩል ያገኝሻል። እኛ በብርድ ወራት ሁላችንም ምድር ቤት ወርደን ነበር የምንተኛው። ሰገነቱን ለእርግብና ለቱሪስት ነው የምንተወው።»

«አታካብድ እባክህ።»

«እሺ፣ አላካብድም። ጥርስሽ ሲንገጫገጭ ግን አልነገረኝም እንዳትይ» አለና ወደ ዳቦው ተመለሰ።

ደስ የማይል ነገር ሲሰሙ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ቀላል ነው። ሚኒስትሯም እንደዚያ አደረገች። ልቧ ግን አላረፈላትም፤ ምክንያቱም የጉዞው ነገር የተነሳው በአያቷ ጉልበት ሕመም ነበር። አያቷ ዕድሜ ልካቸውን በር፣ መስኮትና ጠረጴዛ ሲሠሩ የኖሩ አናጺ ናቸው። ብርድ በገባ ቁጥር ጉልበታቸው ይቆለፋል፤ ደረጃ መውረድ ቀርቶ ከወንበር መነሳት ያቅታቸዋል። ዘንድሮ ሐኪሙ «ደረቅ አየርና ፀሐይ ያለበት ቦታ አንድ ወር ቢቀመጡ ከእኔ መድኃኒት ይሻልዎታል» አላቸው። አባቷ ሥራ አይለቀውም። እናቷ የተጠራቀመ ፈቃድ ነበራት። ስለዚህ ሦስት ሆነው እንዲሄዱ ተወሰነ፤ አያት፣ እናትና ሚኒስትሯ። የዝግጅቱ ሁሉ ኃላፊ፣ መቼም ሳይነገር የታወቀ ነው።

ሰገነት ላይ ያለችውን ክፍል የመረጠችው እሷ ናት። አከራይዋ በስልክ በላኩላት ፎቶ ሦስት አልጋ፣ ነጭ ግድግዳና ከበሩ ጀምሮ እስከ አድማስ የተዘረጋ ሰማይ ይታያል። ሹፌሩ አባቷ በአውቶብሱ አገር ሲያዳርስ እሷ ግን ከምትኖርበት ከተማ ወጥታ አታውቅም። ፎቶውን ለክፍሏ ልጆች አሳይታለች፤ ላላሳየቻቸውም ነግራለች። እዚያ ሰገነት ላይ ሆና ኮከብ ስታይ፣ ጠዋት በባዶ እግሯ ስትወጣ ሳታስበው ያደረችበት ቀን የለም።

ከሁሉ የከነከናት ግን ሌላ ነው። እናቷ ሻንጣ ስታዘጋጅ ወፍራሙን ብርድ ልብስና የአያቷን ሹራብ አስገብታ ነበር። «በረሃ እኮ ነው የምንሄደው፣ እማዬ! ለበረሃ ብርድ ልብስ?» ብላ ያወጣችው ራሷ ናት። እናቷም «ይሁን፤ አንቺ ካልሽ» ብላ ተወችው።

እሑድ የልምምዱ ቀን ነበር። ይህን ልምምድ ያመጣው አባቷ ነው። የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ሰው ምን ምን እንደሚረሳ እንደ እሱ የሚያውቅ የለም። መድኃኒቱን የረሳ፣ ጫማውን የረሳ፣ አንድ ጊዜማ ሚስቱን ምሳ ቤት ጥሎ የተሳፈረ ሰው ገጥሞታል። ስለዚህ በእነሱ ቤት ከማንኛውም ጉዞ በፊት ሻንጣ ይታሰራል፣ ቁም ሣጥኑ ይቆለፋል፣ ቁልፉም አባቷ ኪስ ይገባል። ከዚያ ተጓዦቹ ቀኑን ሙሉ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆነው፣ ሻንጣቸው ውስጥ ባለው ብቻ ይኖራሉ። ጎረቤት ይስቃል። አባቷ ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል እንጂ ንቅንቅ አይልም።

ጠዋት ሻንጣቸውን ይዘው ከደጅ ቆሙና የራሳቸውን በር አንኳኩ። አባቷ አከራይ ሆኖ ከፈተላቸው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! መንገዱ እንዴት ነበር?»

«መንገዱስ ደህና ነበር» አሉ አያቷ። «ሹፌሩ ወሬ አያቆምም እንጂ።»

በመጀመሪያው ሰዓት የአያቷ መላጫ እንደተረሳ ታወቀ። ቀጥሎ ሦስት የጥርስ ብሩሽ ተይዞ ሳሙና እንዳልተያዘ ታወቀ። ሚኒስትሯ አፈረች፤ አባቷ ግን «ልምምድ ለዚህ አይደል?» እያለ እጁን አፋተገ። ቀጥሎ ልብስ መቀየር መጣ። ከእናቷ በቀር ሁሉም ለብሶ ወጣ።

«እኔ ይቅርብኝ፤ በዚሁ በመጣሁበት እውላለሁ» አለች እናቷ ከመኝታ ቤት።

«ደንብ ደንብ ነው!» አለ አከራዩ።

እናቷ የምትሠራው ሆቴል ውስጥ፣ የልብስ እጥበት ክፍል ነው። የሰው የሽርሽር ልብስ ስትተኩስ ትውላለች። የራሷ ልብስ ሁልጊዜ ያው ግራጫ ቀሚስና ያው ሹራብ ነው። በሩ ሲከፈት ግን ግራጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች፤ እጅጌው አጭር፣ ታቹ ሰፊ፣ ስትራመድ የሚወዛወዝ። የሱቁ ወረቀት ገና ከአንገቱ አልተቆረጠም።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አለች ፊቷ ቀልቶ። «ለበረሃ ብዬ ነው።»

«ፀሐይዋ እቤታችን ድረስ ከመጣች በረሃ ምን ያስኬደናል?» አሉ አያቷ። አባቷ አከራይነቱን ረስቶ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ቀኑ ደስ የሚል ቀን ሆነ። በሳሎኑ ምንጣፍ ላይ የበረሃዋ ከተማ ካርታ ተዘርግቶ ገበያው የት እንደሆነ፣ የትኛው መንገድ ለአያቷ እርምጃ እንደሚመች ታየ። ካርታ ጨዋታ ተጫወቱ፤ አያቷ አጭበረበሩ፣ ተያዙ፣ ካዱ። ሚኒስትሯ ዓይኗ እናቷ ላይ እየሄደ አስቸገራት። እናቷ በመስታወት መስኮቱ አጠገብ ባለፈች ቁጥር ቀስ ትላለች፤ የቀሚሱን ጫፍ በሁለት ጣት ያዝ አድርጋ ትለቀዋለች። ሰሃን ስታጥብ ዘፈን አንጎራጎረች። ሚኒስትሯ እናቷ ዘፈን እንደምታውቅ አታውቅም ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ አያቷ «እንግዲህ ሰገነታችን ይኼ ነው» ብለው በረንዳው ላይ ወንበር አስወጡና ተቀመጡ። በዚህም ከተማ ብርዱ ገና መግባቱ ነው። የለበሱት ሻንጣቸው ውስጥ የነበረውን ስስ፣ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነበር። ሚኒስትሯ ሻይ ይዛላቸው ስትወጣ ሁለቱን ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ይዘው አየቻቸው፤ ክንዳቸው ላይ ያለው ፀጉር ቆሟል።

«አባባ፣ ይግቡ እንጂ፤ በረደዎት።»

«ኧረ እዚህ ነው የሚበርደው። ደንብ ነው ብዬ ነው እንጂ» አሉና ፈገግ አሉ። «እዚያ ማታ ማታም ይሞቃል አይደል፣ ሚኒስትር?»

«ይሞቃል» አለች፤ ከአፏ እንዴት እንደወጣ እሷም አላወቀችም።

«አንቺ ካልሽማ ይሞቃል» አሉ። ሻይውን ለመቀበል ብድግ ሊሉ ሞከሩ። ጉልበታቸው ግን እምቢ አለ። አጋማሽ ላይ ቆመው፣ ወንበሩን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ሳቁ። «ምንም አይደል፤ ከሳምንት በኋላ እሮጣለሁ።»

ሚኒስትሯ ብርጭቆውን መሬት አስቀምጣ ክንዳቸውን ደገፈች። ክንዳቸው እንደ ብረት ቀዝቅዟል። እንባዋ መጣ።

«አይሞቅም፣ አባባ» አለች። «ማታ ማታ አይሞቅም። ሰገነቱ ላይ ከዚህም ይብሳል። በረሃው ነግሮኝ ነበር። እያወቅሁ ዝም ብዬ ነው። ብርድ ልብሱንም ያስወጣሁት እኔ ነኝ።»

አያቷ ቀና ብለው አዩዋት።

«ሰማዩን ፈልገሽ ነው?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እኔም ባንቺ ዕድሜ ብሆን ለሰማይ ስል የሽማግሌ ጉልበት እረሳ ነበር» አሉ። «በይ አሁን አስገቢኝ፤ ይኼንን ለአከራዩ አባትሽ ንገሪው።»

ነገረቻቸው። ቤቱ ውስጥ ጠብ ይነሳል ብላ ጠብቃ ነበር። አባቷ ግን ከኪሱ ቁልፉን አወጣና ቁም ሣጥኑን ከፈተ፤ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ለአባቱ አልብሶ ቁጭ አለ። «ልምምድ ለዚህ አይደል?» አለ አሁንም፤ ግን በዚህኛው ጊዜ ቀስ ብሎ ነው። «ዕቅዱ ያንቺ ነው። ደውይና አስተካክይው።»

የአከራይዋ ድምፅ ከስልኩ ጎላ ብሎ ወጣ፤ ሁሉም እንዲሰማ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ነበር።

«ሽማግሌ አሉ ብትዪኝ ኖሮ እኔው ራሴ ሰገነት ላይ አላስወጣቸውም ነበር ልጄ!» አሉ አከራይዋ። «ምድር ቤት አንዲት ክፍል አለችኝ። ግድግዳዋ ወፍራም ነው፤ ቀን በጠጣችው ፀሐይ እስኪነጋ ታሞቃቸዋለች። ጉልበታቸው ይፈታል። ግን ጠባብ ናት። ሁለት አልጋ ነው፤ ሦስተኛ ብትዪኝ በሩም አይዘጋም።»

«ሌላ ክፍልስ የለም፣ እትዬ?»

«ሌላው ሁሉ ተይዟል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ክፍሏ የናንተ ናት።»

ቀድማ የተናገረችው እናቷ ነበረች።

«በቃ፣ አንቺና አባባ ሂዱ» አለች። ፈጠን ብላ ነው ያለችው፤ መልሱ አፏ ላይ ተቀምጦ የቆየ ይመስላል። «አንቺ ታነቢላቸዋለሽ፤ ካርታም ታጫውቻቸዋለሽ። እኔ እንደሆነ ሥራም አለብኝ።» ብድግ አለች። «እስቲ ይኼን ቀሚስ ላውልቀው፤ ደግሞ ይቆሽሻል።»

«እኔን አትጠይቁኝ» አሉ አያቷ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። «እኔ ሻንጣ ነኝ፤ የያዘኝ ሰው ይወስደኛል።»

እናቷ ወደ መኝታ ቤት መራመድ ጀመረች። ሚኒስትሯ በዓይኗ ተከተለቻት። መሄድ ትፈልጋለች፤ በጣም ትፈልጋለች። ሰገነቱ ቢቀር እንኳ ከተማው አለ፣ ገበያው አለ፣ አውቶብሱ አለ። ትምህርት ሲከፈት ለልጆቹ ምን ትላቸዋለች? ይህን ሁሉ ወር ስታቅድ የአያቷን መድኃኒት ሰዓት፣ የሚመቻቸውን ትራስ፣ የሻያቸውን ስኳር ልክ ጠይቃ አውቃለች። እናቷን ግን ምን እንደምትፈልግ አንድም ቀን አልጠየቀቻትም። እናቷ ሄዳ ቀሚሱን ታወልቀዋለች፤ አጥፋ ታስቀምጠዋለች። እሱን ደግሞ መቼ ነው የምትለብሰው? ሆቴል ልብስ ስትተኩስ?

«ልጄ፣ አለሽ?» አሉ አከራይዋ። «እነማን ናቸው የሚመጡት? ክፍሏን ላዘጋጅ ብዬ ነው።»

ሚኒስትሯ ዓይኗን ከእናቷ ላይ ሳታነሳ መለሰች።

«አያቴና እናቴ ናቸው» አለች።

አባቷ ቀና ብሎ አያት። የእናቷ እግር ኮሪደሩ ላይ ቆመ።

«ምን አልሽ?» አለች እናቷ ዞራ።

«ክፍሏ ሁለት ሰው ነው የምትይዘው። አባባና አንቺ» አለች ሚኒስትሯ። ቅር ብሏታል፣ መደበቅም አልቻለችም። «እኔ ከአባዬ ጋር እሆናለሁ።»

«እኔና አንቺ ምን ልንበላ ነው?» አለ አባቷ በድንጋጤ። አያቷ ብርድ ልብሱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«አይሆንም» አለች እናቷ። «አንቺ ነሽ ስትመኚ የከረምሽው። እኔ ግድ የለኝም፣ የትም ብሆን—»

«ጎሽ፣ ተስማምታችኋል ማለት ነው» አሉ የሳሎኑን ነገር በግማሹ የሰሙት አከራይዋ። «እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛው አልጋ ጥግ ነው፤ ለሽማግሌው ይሁን፤ እሱ ይሞቃል። ሌላው መስኮት ሥር ነው። ጠዋት ፀሐይ ፊት ላይ ነው የምትወጣው፤ የሚወደውም የሚጠላውም አለ። እናትሽ ትወዳለች?»

ሚኒስትሯ ስልኩን አየች። አያቷን አየች። ማንም መልሱን አያውቅም። ወደ ኮሪደሩ ዞረች።

«እማዬ» አለች። «ጠዋት ፀሐይ ፊትሽ ላይ ስትወጣ ትወጃለሽ?»

እናቷ በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ፣ በሌላው የቀሚሱን አንገት እየነካካች ቆመች። ማንም አላቻኮላትም።

«እወዳለሁ» አለች በመጨረሻ። «አዎ፣ በጣም ነው የምወደው።»

«ትወዳለች፣ እትዬ» አለች ሚኒስትሯ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ። «የመስኮቱን አልጋ ለእሷ ያድርጉላት።»