እነ ጵርስቅላ ቤት ያለው ቴሌቪዥን

«ቆዪ! ገና ነው፣ አሁን አትውጪ!»

የናዝሬት አባት ድምፅ ከጎረቤታቸው ከእነ ጵርስቅላ ቤት የቆርቆሮውን አጥር ተሻግሮ መጣ። ናዝሬት ዝናቡ ሳይመለስ ልብስ ከገመድ ላይ እያወረደች ነበር። እጇ ባለበት ቆመ። የጵርስቅላ ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያም እንደገና አባቷ።

«አየሽ የኔ ልጅ? ክርኗን ተመልከቺ። ሯጭ ሲደክመው ክርኑ ይከፈታል።»

የኔ ልጅ።

ይህ የክርን ነገር የናዝሬት ነበር። አባቷ ልደቱ በወጣትነቱ ከሰፈራቸው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስቶ እንጦጦን በሩጫ የሚወጣ ሰው ነበር። ጉልበቱን ታሞ ሩጫውን ካቆመ በኋላ እንጦጦ ፓርክ ውስጥ አትክልተኛ ሆነ። ሩጫ በተላለፈ ቁጥር ናዝሬትን አሮጌው ቴሌቪዥናቸው ፊት አጠገቡ አስቀምጦ ማን መቼ እንደሚያፈተልክ ቀድሞ ይነግራት ነበር። ሰኔ ላይ ቴሌቪዥኑ ጭስ አወጣና በዚያው ቀረ። ሐምሌ ላይ ደግሞ የጵርስቅላ አባት ኢዶሳ ባለ አርባ ሦስት ኢንች ይዞ መጣ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ቀጭን፣ የሜዳውን ሣር አንድ በአንድ የሚያሳይ።

ናዝሬትም ተጠርታ አንድ ቀን ሄዳለች። ጵርስቅላ ከናዝሬት አባት አጠገብ፣ ናዝሬት ደግሞ ከበሩ ጥግ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ስትጠራ «ራሴን አሞኛል» ትላለች። ጵርስቅላ ክፉ ብትሆን በቀለላት። ግን ሳይጠይቋት የሂሳብ ደብተሯን የምታውስ ልጅ ናት፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ያናድዳል።

አባቷ ፊቱ በርቶ ሲመለስ ናዝሬት ልብስ እያጠፈች ቀና ሳትል ተናገረች።

«አባዬ፣ እትዬ እየሩስ ግን ደስ ያላቸው አይመስለኝም።»

«በምኑ?»

«በየጊዜው ስትሄድ። ለሰው ሲያወሩ ሰማኋቸው። ‹ቤታችን ሲኒማ ቤት ሆነ› ሲሉ።»

የጵርስቅላ እናት እንዲህ ብለው አያውቁም።

አባቷ የጫማውን ክር እየፈታ ነበር። «እውነታቸውን ነው» አለ። «እኔም አበዛሁት።»

በማግስቱ እሁድም ሩጫ ነበር። ጵርስቅላ በአጥሩ በኩል «ጋሼ! ተጀመረ እኮ!» ብላ ተጣራች። የናዝሬት አባት «ሥራ ይዣለሁ» ብሎ መለሰላት። ከዚያ ምንም ሳይሠራ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የስልኩን ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጠፈ። ናዝሬት ደስ ይለኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። እሱ ግን አንድም ጊዜ አልጮኸም፤ ስለ ማንም ክርን አላወራም።

መላው አንድ ብቻ መሰላት፦ ቴሌቪዥን መግዛት፣ ያውም በሳምንቱ ውስጥ። የሚመጣው እሁድ የሴቶች አሥር ሺህ ሜትር ፍጻሜ ነው። እናቷ፣ የማርያምወርቅ፣ ዕቁብ ደርሷታል። አባቷ «እንቁጣጣሽ ሲደርስ ዋጋ ይሰቀላል፣ እንቆይ» ቢልም ናዝሬት እናቷን ለምና ለምና እሺ አሰኘቻት።

«ሄደን እንይ» አለች እናቷ። «ምርጫው ግን ያንቺ ነው። እኔ ከማብራትና ከማጥፋት ሌላ አላውቅም።»

ሐሙስ ዕለት መገናኛ ሄዱ። የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ ባለ ሃምሳ ኢንች አሳያቸው። ስክሪኑ ላይ ቀይና ቢጫ ዓሣዎች ይዋኛሉ። «ፎር ኬ ነው፣ ስማርት ነው፣ በዚህ ዋጋ የትም አታገኙትም!»

የናዝሬት ልብ ዘለለ። ሃምሳ! ቤታቸው ተሰቅሎ ታያት። እሷ ከአባቷ አጠገብ፣ ጵርስቅላ ከበሩ ጥግ።

«ይሄ ከፍላሽ የሚጫወት ቪዲዮ ነው አይደል?» አለች። «እስኪ ቻናል ክፈትልን።»

ሻጩ እያቅማማ ኳስ ከፈተ። የተጫዋቾቹ ፊት ውሃ የነካው ሥዕል መሰለ፤ ማሊያቸው ላይ ያለው ቁጥር አይነበብም።

«ዋስትናስ አለው?» አለች እናቷ።

«እኔን እዚሁ ታገኙኝ የለ እንዴ፣ እናት!»

ቀጥሎ ባለው ሱቅ ሮማነወርቅ የምትባል መነጽር ያደረገች ሴት ነበረች። ያንኑ ኳስ በባለ አርባ ሦስት ኢንች ከፈተችላቸው። ቁጥሩ ቀርቶ ላባቸው ይታያል።

«ይሄ ፉል ኤችዲ ነው» አለች። «ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን የሚያሳየውን ነው ማየት። የዓመት ዋስትና በጽሑፍ እሰጣችኋለሁ። ዛሬ ብትገዙኝ ደስ ይለኛል፤ ግን ይሄ የበዓል ዋጋ ነው። ካልቸኮላችሁ መስቀል ይለፍና ኑ፣ አዲስ ዕቃ ሲገባልኝ ቅናሽ አለው።»

በያዙት ብር የሚገዛ አልሆነም። እናቷ ወደ ናዝሬት ጠጋ አለች። «ለዩኒፎርምሽ ያስቀመጥኩት አለ። ከእሱ እንጨምር? የቸኮልሽው ለአባትሽ ብለሽ ነው አይደል?»

ለአባቷ ብላ። ናዝሬት ዓይኗን ከስክሪኑ ላይ አነሳች።

«ከመስቀል በኋላ እንገዛለን» አለች።

«የእሁዱ ሩጫስ?»

«እሱን… እኔ አስተካክላለሁ።»

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከታክሲ ወርደው ዳገቱን ሲጀምሩ ጵርስቅላ ዳቦ ይዛ ከሱቅ ስትወጣ አገኟት። የናዝሬት እናት ሰላም ብላት አለፈች።

«ናዚ፣ ሲሪየስሊ ንገሪኝ፣ ጋሼ ተቀይሞናል እንዴ? እማዬ ‹ምን በድለነው ነው?› እያለች ተጨንቃለች።»

«አይ… ሥራ በዝቶበት ነው።»

«አባዬ ቴሌቪዥኑን ሰቅሎ በማግስቱ በከባድ መኪናው ሞያሌ ሄደ። ይኸው እስካሁን አልመጣም። እኔና እማዬ ደግሞ ስለ ሩጫ ምንም አይገባንም። ጋሼ ሲኖር ነው ቤቱ ቤት የሚመስለው።»

«ጋሼ» የሚለው ቃል ከጵርስቅላ አፍ ሲወጣ አሁንም ናዝሬትን ቆነጠጣት። ግን የጵርስቅላን ዓይን ማየት አልቻለችም።

ቅዳሜ ከሰዓት ናዝሬት ዳገቱን ወጥታ አባቷን ፓርኩ በር ላይ ጠበቀችው። ጉም በባሕር ዛፎቹ መሃል ይወርዳል። አባቷ ሲያያት ደነገጠ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም። አብሬህ ልውረድ ብዬ ነው።»

ብዙ ሄዱ። ቁልቁለቱ ጉልበቱን ስለሚያመው አባቷ ቀስ ይላል፤ እሷም ቀስ አለች። የምትናገረውን ስትወጣ አጥንታው ነበር።

«አባዬ፣ እትዬ እየሩስ ምንም አላሉም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

አባቷ ቆመ። «ለምን?»

«‹የኔ ልጅ› አልካት።»

እንባዋ መጣ። አባቷ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ጭቃ የያዘ ጫማውን ድንጋይ ላይ ጠረገ፤ የጸዳውንም ጫማ መልሶ ጠረገው።

«ያቺ ሴት በራችን ላይ ሰላም ስትለኝ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው» አለ። «ሳምንቱን ሙሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ለእሷም አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። ከፈለግሽ አብሬሽ እቆማለሁ። ንግግሩ ግን ያንቺ ነው።»

ሰፈር እስኪደርሱ ሌላ አላወሩም። የራሳቸው በር ጋ አባቷ ዞሮ አያት። ናዝሬት እጇን አንስታ «አንተ ግባ» አለችውና አልፋ ሄደች። የእነ ጵርስቅላን በር ሁለት ጊዜ አንኳኳች።

«ማነው?» አለች ጵርስቅላ ከውስጥ።

«ናዝሬት ነኝ። እናትሽ አሉ?»