እስኪሟሟ አትናገሪ

የመድኃኒት ፋብሪካችን ሰዎች አዲስ ክኒን የሚቀምመውን ሰውዬ «ሙከራ» ይሉት ነበር። የሚሠራው ክኒን ሁሉ ገና ሙከራ ላይ ስለነበረ ነው። እኔ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ነበርኩ፤ የእሱን ክኒን ከሚያሳልፉትና ከሚጥሉት አንዷ።

መጀመሪያ የተዋወቅነው በዝምታ ነው። አንድ ረፋድ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና በትንሽ ሰሃን አንዲት ክኒን አቀረበልኝ።

«መድኃኒት የለባትም፤ ባዶ ናት። ምላስሽ ላይ አድርጊያት። ውሃ አያስፈልግም። እስኪሟሟ ግን አትናገሪ።»

ሰዓቱን ያዘ። እኔ ሰዓቱን ሳይ እሱ እኔን ያይ ነበር፤ ቀና ስል ዓይኑን ወደ ሰዓቱ መለሰ። አርባ ሰከንድ ፈጀ።

«እንዴት ናት?»

«ጠመኔ።»

«ሌላስ?»

«እርጥብ ጠመኔ።»

ሳቀ። በማግስቱ ሌላ ይዞ መጣ።

ቤት ውስጥ አባቴ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው፣ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ክኒን መዋጥ አቃተው። በሁለት ማንኪያ መሃል ፈጭቼ ስሰጠው ይመረውና መልሶ ይተፋብኛል። እሱን ለሌላ ሰው ትቼ ትዳር አልይዝም ብዬ ነበር። ሙከራ እንጋባ ሲለኝም ይህንኑ ነገርኩት። አልተከራከረኝም።

«እንግዲያው የአባትሽን መድኃኒት ነው የምሠራው» አለ።

ከወራት በኋላ ክኒኗ በስምንት ሰከንድ የምትሟሟ ሆነች። ቶሎ እንድትሟሟ ግን ላላ አድርጎ ነበር የጨመቃት። የክኒን ጥንካሬ በምንፈትንበት በሚሽከረከረው ከበሮ ውስጥ ከትቼ ሳወጣት ግማሿ ተፈርፍሯል። ቅጹ ላይ «አላለፈም» ብዬ ፈረምኩ።

«አባትሽስ?» አለኝ፤ ድምፁ ተለውጦ።

«ለአባቴ ዱቄትማ ቤቱም አለለት።»

ሦስት ሳምንት አልመጣም። ታላቅ እህቴ «የራስሽ ጥፋት ነው፤ አንድ ፊርማ ምን ነበረበት?» አለችኝ። የሌላ ሰው አባትም ያችኑ ክኒን እንደሚወስድ ላስረዳት አልሞከርኩም።

በአራተኛው ሳምንት ሰሃኑን ይዞ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ። ከስቷል።

«ልክ ነበርሽ» አለ። «በይ እንደገና ጣይኝ።»

ከበሮው አልሰበራትም። በስምንት ሰከንድ ሟሟች። ብርቱካን ብርቱካን ትል ነበር።

ፈቃድ እስክታገኝ ሁለት ዓመት ፈጀ። ጠበቅን። የመጀመሪያውን ፓኬት ራሱ ቤት ይዞልን መጣ። አባቴ አፉን ከፈተ። እኔ፣ እህቴና ሙከራ አጠገቡ ቆመን ሰከንዱን ቆጠርን። አልተፋትም።

«እኔ ጠመኔ አውቃለሁ» አለ አባቴ፣ ቃላቱን እየጎተተ። «ይሄ ጠመኔ አይደለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲህ እኔን ሰበብ አታድርጊ።»

ሙከራ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ፓኬት አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አስተካከለ።

ተጋባን። እኔን ይዞኝ አልወጣም፤ እሱ ወደ አባቴ ቤት ገባ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖርን። በመጨረሻው ሕመሙ መዋጥ የተሳነው ራሱ ሙከራ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ያችኑ የሠራትን ክኒን ምላሱ ላይ አደርግለትና «እስኪሟሟ አትናገር» እለዋለሁ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አያነሳም። በተራዬ ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ።

የመጨረሻዋ ጠዋት ከስምንት ሰከንድ በላይ ጠበቅኩ።

«እንዴት ናት?» አልኩት።

«ጠመኔ» አለኝ።

ውሸቱን ነው። አሁንም ስቀምሳት ብርቱካን ብርቱካን ትላለች።